ውሃ ያልገባው ካርቡሬተር

«ራቭና የአባቷን ሞተር ወንዝ ውስጥ ነከረችው።»

የአክስቴ ልጅ አይሉ ይህን ወሬ ሁለት ክረምት ሙሉ ሳይሰለቸው ተናገረ። ሱቅ በር ላይ ተናገረ፣ ቤንዚን ማደያው ጋ ተናገረ፣ ካህኑ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ተናገረ። ወሬ እንደ ጥጃ ነው፤ ያጠባው ካገኘ በየወሩ ያድጋል። መጀመሪያ ሞተሩ የሰጠመው እስከ መቀመጫው ነበር። ቀጥሎ እስከ መሪው ሰጠመ። ባለፈው ፋሲካ ካውቶኬይኖ ከተማ ሰርግ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት ስታወራልኝ ደግሞ ልጅቷም አብራ ሰጥማ ኖሯል፤ አይሉ የሚባል ጀግና ሸምቀቆውን ወርውሮ አወጣት። «ምስኪን፣ ከዚያ ወዲህ ጭንቅላቷም እንደ ድሮው አይደለም አሉ» ብላ ሴትየዋ ሾርባዋን ቀጠለች። ማን እንደሆንኩ አልነገርኳትም። ብነግራት «ይኸው፣ አልኩሽ አይደል» የምትል ዓይነት ነበረች።

እውነቱ አጭር ነው። ካቻምና በመከር፣ የአጋዘን መንጋችንን ለይተን ስንወርድ፣ በአባቴ ባለ አራት ጎማ ሞተር ወንዙን ተሻገርኩ። ማዶ ወጣሁ፣ ዳገቱን ጨረስኩ፣ የበጋ ቤታችን ጣሪያ መታየት ሲጀምር ሞተሩ ሳል ሳል አለውና ጠፋ። አይሉ ከኋላዬ ደርሶ በገመድ ጎትቶ አስገባኝ፤ ጀልባ ቤቱ ውስጥ አቆምነው። አባቴ ወገቡን ታሞ ወደ ክረምት ቤታችን ሄደ። እኔም አምና በጋውን በሙሉ ዓሣ ፋብሪካ ስሠራ ከረምኩ። ሞተሩ የቆመበት ቀረ። ወንዝ ተሻግሮ የጠፋ ሞተር፣ ሰው አፍ ውስጥ ሲገባ ወንዝ ውስጥ የጠፋ ሆነ። «ውሃ አልነካውም» ስል «እሺ፣ እሺ» ይሉኛል፤ ትኩሳት ለያዘው ሰው የሚባለው ዓይነት እሺ።

ዘንድሮ ግን ወሬውን ችላ ብዬ የምተኛበት ዓመት አልነበረም። አያቴ ከመሞቷ በፊት የአጋዘኖቿን የጆሮ ምልክት ለእኔ አስተላልፋለች፤ የግራው ጆሮ ጫፍ ተቆርጦ ከኋላው ሁለት ጥርስ መሰል ቁርጥ፣ ቀኙ ላይ አንድ ቅጠል መሰል ቁርጥ። ያ ምልክት ያለባቸው እናት አጋዘኖች የእኔ ናቸው። ከሥራቸው የሚሮጡት ጥጆች ግን ጆሯቸው ገና ንጹሕ ነው። ስንት እንደሆኑ አልናገርም፤ በእኛ ዘንድ የሰው አጋዘን ቁጥር መጠየቅ ኪሱ ውስጥ እጅ እንደ መክተት ነው። ጥጃ እናቱን እየተከተለ ሳለ በበጋው በረት ውስጥ ምልክት ካልተቆረጠለት፣ በመከር እናቱን ሲለቅ የማንም ይሆናል። የአርቢዎቹ ማኅበር ይሸጠዋል። የዘንድሮው መሰብሰቢያ ደግሞ አንድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ መንጋው እስከ ባሕሩ ጫፍ ድረስ ይበተናል፣ የሚያገኘው የለም።

ሰዎቹ ወደ በረቱ ሊወጡ ሲጭኑ እኔ ጀልባ ቤቱ በር ላይ ካቻቢቴ ይዤ ቆሜ ነበር። አይሉ ሞተሩን አስነስቶ መጣና አጠገቤ ቆመ።

«ነይ ከኋላዬ ተፈናጠጪ» አለኝ። «ወንዙ ጋ ስንደርስ ግን ወርደሽ ትዋኛለሽ። ልምዱ አለሽ።»

ሳቁ። ሁሉም ሳቁ። እናቱ፣ አክስቴ ቢሬት፣ «አንተ ልጅ፣ አፍህን ሰብስብ» ብላ ገሠጸችው፤ ግን እሷም ስካርፏን አፏ ላይ ጎትታ ስትስቅ አይቻታለሁ።

«በራሴ ሞተር ነው የምመጣው» አልኩት።

«በየትኛው? በሰጠመው?»

«አይሉ፣ ያንተ ሞተር የሚሄደው ቤንዚን በልቶ ነው ወይስ ወሬ በልቶ?»

«ሞተሬ ወሬ ቢበላ ኖሮ ይሄኔ ሞስኮ ደርሼ ነበር» አለ፤ አሁንም ሳቁ። ሲያስቅ ያስቃል። ክፋቱ እዚያ ላይ ነው።

አክስቴ ቢሬት ከጭነቷ ላይ ጎንበስ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ የኔ ልጅ። ካልደረስሽ እኔ እቆርጥልሻለሁ። ምልክቱ የእናቴ ነበር፣ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ።»

«ማንም እንዳይቆርጥልኝ» አልኩ። «የእኔን ምልክት በእኔ ቢላ ነው የምቆርጠው።»

ብያለሁ። ዛሬም ቢሆን እለዋለሁ። የአዲስ ባለ ምልክት የመጀመሪያ ዓመት ጥጃ በሌላ ሰው እጅ ከተቆረጠ ሕይወቱን ሙሉ «ቢሬት ያዳነቻቸው የራቭና ጥጆች» ነው የሚባለው። እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ።

«እንግዲህ እንዳልሽ» አለች። «ነገ ጠዋት መንጋው በረት ይገባል። ጉሙ እስካለ ድረስ እንሠራለን። ፀሐይ ከወጣችና ትንኙ ከተነሳ ግን ጥጆቹ አይችሉም፤ በሩን የሚያዙት አባባ ዮውና ይከፍቱታል። ማንንም አይጠብቁም።»

«እደርሳለሁ።»

ሄዱ። እዚያ ላይ ስልክ አይሠራም፤ በእግር ልሂድ ብል ደግሞ ስደርስ የማገኘው ኮቴ ብቻ ነው። ያለኝ ሞተሩና ጉሙ ነበር።

ጠዋት ጀልባ ቤቱን ስከፍት ጉሙ ፊዮርዱ ላይ፣ ተራሮቹ መሃል በገባው የባሕር ክንድ ላይ፣ ተኝቷል። ደስ አለኝ፤ የመጀመሪያና የመጨረሻ ደስታዬ። ሞተር ማንም አላስተማረኝም። አባቴ በረዶ ላይ የሚነዳውን የበረዶ ሞተር ሲፈታ ፋኖስ ያዥ ነበርኩ፤ ፋኖስ የሚይዝ ሰው ዓይን እንዳለው ማንም ትዝ አይለውም። ከዚያ ወዲህ እኔ የፈታሁት አይሉ ከሠራው ይበልጣል። የሠራው ስለሌለ ማለቴ ነው።

ባትሪው እንደ ድንጋይ ሆኗል፤ ተውኩት፣ የእጅ መጎተቻ ገመድ አለው። መጀመሪያ ካንዴላውን ፈታሁ። ጥላሸት የለበሰ፣ ጥቁርና ቅባታም። ይህን አስተውሉልኝ፤ ውሃ የገባበት ሞተር ካንዴላ እንዲህ አይጠቁርም። በሽቦ ብሩሽ ጠረግሁት፣ ብረቱ ላይ አስደግፌ ገመዱን ሳብኩ። ሰማያዊ ብልጭታ ሰጠኝ። እሳት አለ ማለት ነው። ካንዴላውን መልሼ ደጋግሜ ሳብኩና ፈትቼ አየሁት፤ ደረቅ። እሳት አለ፣ ነዳጅ አይደርስም።

የአየር ማጣሪያውን ሣጥን ስከፍት ደግሞ አይጥ ቤቷን ሠርታበታለች፤ በምን ቢሉ አባቴ ጫማው ውስጥ በሚጎዘጉዘው ደረቅ ሣር። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ነዶ አንዳንድ ዘለላ እየመዘዘች ወስዳ በሥርዓት ጠምጥማዋለች። እሷ እንኳ ሥራዋን ታውቃለች። በአንድ እጄ ጎልጉዬ አወጣሁት።

ቀጥሎ ነዳጁ። የታንኩን ክዳን ስከፍት ቤንዚን ቤንዚን መሽተት ትቶ እንደ አሮጌ የጀልባ ቀለም ይሸታል። ካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን አላላሁና የመስተዋት ማሰሮ ደቀንኩ። ቤንዚን ከሚጠራቀምበት ከካርቡሬተሩ ጽዋ የወጣው ነገር አልፈሰሰም፤ እንደ ማር እየተጎተተ ወረደ። ከታንኩም በጎማ ቱቦ ስቤ ጨመርኩበት። ማሰሮውን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ እስኪረጋ ጠበቅሁ። ውሃና ቤንዚን አይዋደዱም። ውሃ ካለ ከሥር ይተኛል፣ በመሃላቸው መስመር ይታያል፣ ሕፃን ልጅም ያየዋል።

መስመር አልነበረም። ጠብታ ውሃ አልነበረም።

ሁለት ክረምት። ሁለት ክረምት ሙሉ ዋናተኛዋ ስባል፣ አባቴ እንኳ በስልክ «ግድ የለም ልጄ፣ ወንዝ ነው፣ ማንንም ያታልላል» ሲለኝ፣ ማስረጃው እዚሁ ታንክ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ግን ንዴቴ ገና ዳገቱን አልጨረሰም። ማሰሮውን ወደ ብርሃኑ ሳነሳ ቀለሙን አየሁት። ሰማያዊ ነው። ቡኒ ሆኗል፣ ቆሽሿል፣ ግን ከሥሩ ሰማያዊ ነው። ቤንዚን ሰማያዊ አይሆንም። ሰማያዊ የሚሆነው የበረዶ ሞተር ዘይት ነው፤ የበረዶ ሞተር ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ቀላቅለን ነው የምናጠጣው። ባለ አራት ጎማው ግን ንጹሕ ቤንዚን ብቻ ነው የሚጠጣው። የሁለቱም ጀሪካን ቀይ ነው። አስተዋይ ሰው ያለበት ቤት ለመለያ የአንዱ ክዳን ላይ ጨርቅ ያስርበታል።

ማን እንደሞላው ለማወቅ ማሰብ አላስፈለገኝም። ከዚያ ከወንዙ ቀን በፊት አይሉ ሞተሩን ተውሶ ነበር። ሲመልስም እንደ ሥርዓታችን ሞልቶ መለሰ። እኛ ጋ የተዋሱት ነገር ጎድሎ አይመለስም፤ ጀልባም ይሁን የጨው ከረጢት፣ ከወሰድከው በላይ ሞልተህ ትመልሳለህ። ያን ጊዜ ይህንንም ለሰው ሁሉ አወራ። «እስከ አፉ ሞልቼ ነው የመለስኩላት፣ አንድ ጠብታ አይጨምርም።» እውነቱን ነው፣ አይጨምርም። ከበረዶ ሞተሩ ጀሪካን እስከ አፉ ሞላው። ዘይቱ ካንዴላውን አጠቆረው፣ ሞተሩን ዳገቱ ላይ አነቀው፣ ጠፋ። ከዚያ ሁለት ክረምት ቆሞ ቤንዚኑ ተንኖ አለቀ፣ ዘይቱና ሙጫው ግን ካርቡሬተሩ ውስጥ ተቀመጠ። ሞተሩን ያፈነው ሰው ነው እንግዲህ በየሰርጉ ዞሮ ቀባሪ የሆነው።

ማሰሮውን ከደንኩት። አልደፋሁትም። ይህ በሰው ፊት ይቀርባል አልኩ።

ካርቡሬተሩን ፈትቼ ጽዋውን ሳወልቅ ቤንዚን ሲሞላ ከፍ ብሎ መግቢያውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ በሙጫ ተጣብቆ እንደ ደነቆረ ሰው ዝም ብሏል። በካቻቢቴ እጀታ ነካ ነካ አድርጌ አላቀቅሁት፤ ከሥሩ ያለችውን መርፌም አውጥቼ በንጹሕ ቤንዚን አጠብኳት። ሁለቱን የነሐስ ብሎኖች አወጣሁ። ቤንዚን የሚመጠነው በእነሱ መሃል ባለ ቀዳዳ ነው። ትልቁ እፍ ስለው ተከፈተ። ትንሿ ግን ብርሃን የማታሳልፍ ሆናለች። ሽቦ ቢጤ አነሳሁና መልሼ ጣልኩት፤ ሽቦ ነሐሱን ይቧጭረዋል፣ አንዴ ከተቧጨረ ልኩ ይበላሻል። የአያቴ የስፌት ሣጥን ቤት ውስጥ አለ። ጫማ የምንሰፋበትን የደረቀ የአጋዘን ጅማት መዘዝኩ፣ በጥርሴ ሰንጥቄ አሳሳሁት፣ በምላሴ አሾልኩት። ገባ። ደግሜ ደጋግሜ ጎተትኩት፣ ሰማያዊ ዝቃጭ ይዞ ወጣ። ብሎኗን ወደ መስኮቱ ሳነሳ የመርፌ ጫፍ የምታህል ብርሃን አየሁ።

ብርሃኑ ግን የቀዳዳዋ ብቻ አልነበረም። መስኮቱም ነጥቷል። ጉሙ ከፊዮርዱ ላይ እየተነሳ ነው።

ገጠምኩት፣ ንጹሕ ቤንዚን ሞላሁ፣ አየሩን ዘግቼ ገመዱን ሳብኩ። ተነሳ። ጮኼ ነበር ማለት ይቻላል። አየሩን ስከፍትለት ጠፋ። አነሳሁት፣ ጠፋ። አየር ሲዘጋ የሚሠራ፣ ሲከፈት የሚሞት ሞተር የሚለው አንድ ነገር ነው፤ በቀጭኑ መንገድ በኩል አሁንም ነዳጅ አይደርሰኝም ነው የሚለው። ብሎኗ ጠርታለች፣ ከብሎኗ ጀርባ ብረቱ ውስጥ የተቦረቦረው መንገድ ግን አልጠራም። እንደገና መፍታት። የገጠምኩትን ብሎን ሁሉ ስፈታ አይሉን በስሙ እየጠራሁ ነበር፤ አባቱንም ጨምሬ፣ ነፍሱን ይማር።

የጎማ ጀልባውን የእግር መንፊያ አምጥቼ አፉን ከቀዳዳው ጋር ገጠምኩና በሙሉ ክብደቴ ረገጥኩት። አልሄደም። ቤንዚን አጠጥቼው ትንሽ ታገሥኩ፤ ትዕግሥት ነበረኝ ማለቴ ሳይሆን ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ደግሜ ረገጥኩት። ከማዶ በኩል የሰማያዊ ሙጫ ቁራጭ ተፈናጥራ ወጥታ አገጬ ላይ ተለጠፈች። ያቺን የምታህል ነገር ናት እንግዲህ የሰው ስም የምታጠፋው።

በዚህኛው ተነሳ፣ አየሩንም ስከፍትለት አልጠፋም። ከማፍሰሻው ቱቦ ቤንዚን ይንጠባጠብ ጀመር፤ መርፌዋ በደንብ አልተቀመጠችም። ጽዋውን በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ሳደርገው ቆመ። ጭሱ መጀመሪያ ሰማያዊ ነበር፣ እየቆየ ጠራ። ማሰሮውን በሹራብ ጠቅልዬ ከመቀመጫው ኋላ አሰርኩት፣ ቢላዬን ታጠቅሁ፣ ወጣሁ።

ፀሐይ ወጥታለች። ትንኙ ከረግረጉ እንደ ጭስ ይነሳል። ወንዙ ጋ ስደርስ ቀስ አላልኩም፤ ገባሁበት፣ ወጣሁ፣ ሞተሩ ትንፋሹን እንኳ አልለወጠም። ዳገቱን ስወጣ የምለውን እያዘጋጀሁ ነበር። ማሰሮውን አይሉ እግር ሥር አስቀምጣለሁ። «ውሃውን አሳየኝ» እለዋለሁ። በሰው ፊት። ከዚያ ቢላዬን መዝዤ ወደ ጥጆቼ እሄዳለሁ።

የመጨረሻውን ኮረብታ ስዘልቅ በረቱ ከሥሬ ታየኝ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። መንጋው እንደ ውሃ እየፈሰሰ ይወጣል፤ ፊተኞቹ በማዶው ሸንተረር ላይ ናቸው፣ ኋለኞቹ ከበሩ እየተጋፉ ነው። አያቴን የምታውቀው ነጯ እናት አጋዘን ከመሃል ነበረች። ጥጃዋ ከጎኗ ይሮጣል፣ ሁለት ጆሮው ሙሉ። ንጹሕ። ሞተሩን አጥፍቼ ቁልቁል ሮጥኩ፤ ሮጬ ምን እንደማደርግ ሳላውቅ። በሩ ጋ ስደርስ በረቱ ውስጥ የቀረው አቧራና የተረገጠ ሣር ነበር።

አክስቴ ቢሬት እጇ እስከ ክርኗ ደም ነክቶታል፤ የጥጃ ጆሮ ደም። አየችኝና ሙት መንፈስ እንዳየ ሰው ደነገጠች።

«በምን መጣሽ?»

«በሞተሬ። አልሰማችሁም?»

አክስቴ ወደ ልጇ ዞረች። «ድምፅ ሰምተን ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እንደውም ‹ራቭና ናት፣ በሩን ትንሽ ያቆዩት› ብዬ ነበር። አይሉ ነው…»

«እኔ ምን አደረግሁ?» አለ አይሉ። «የራቭና ሞተር ሰጥሟል፣ ይሄ ዓሣ ሊያጠምዱ የመጡ ጀርመኖች ናቸው አልኩ። ማንም ያንኑ ነው የሚለው።»

«ማንም አይልም። አንተ ነህ ያልከው። ሁለት ክረምት ሙሉ ያልከው አንተ ነህ» አልኩና ማሰሮውን ከሹራቡ ፈትቼ የበረቱ ምሰሶ ላይ አስቀመጥኩት። «ከታንኩ የወጣ ነው። ውሃውን አሳየኝ።»

ሰዎቹ ተሰበሰቡ። አንዱ አነሳው፣ ወደ ፀሐይ አዘነበለው፣ አሸተተው። ለሚቀጥለው ሰጠው። ማንም እንዳይስቅ ቀለሙ በቂ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች የበረዶ ሞተር ዘይት በጨለማም ያውቃሉ።

«ከየትኛው ጀሪካን ነው የሞላህልኝ?»

አይሉ ማሰሮውን አየ፣ እኔን አየ። ጆሮው ቀላ። «ሙሉ አድርጌ ነው የመለስኩልሽ» አለ። «ጎዶሎ አልመለስኩም። እናቴን ጠይቂያት፣ እንዲህ ነው ያሳደገችኝ።»

«አይሉ» አለች እናቱ፣ «ዝም በል።»

«የበረዶ ሞተሩ ሸርተቴ ላይ ያለው ቅርብ ነበር፤ ቀይ ነው፣ ጀሪካን ነው…»

«ዝም በል አልኩህ።»

ሁሉም ወደ ሸንተረሩ ዞሩ፤ ከአይሉ ፊት ይልቅ እሱን ማየት ይቀላልና። የመንጋው ጭራ እየተሻገረ ነው። አክስቴ «በመከር አንዳንዶቹን ከእናታቸው ሳይለቁ እናገኛቸው ይሆናል» አለች። ሁላችንም እንደማናገኛቸው እናውቃለን። «ቁረጪልኝ ብትዪኝ ኖሮ» ልትል ስትጀምር አየኋትና ተወችው። ደግ አደረገች።

አባባ ዮውና ከጎን የበሩን ገመድ እየጠቀለሉ ነበር። በበረቱ በር ላይ ከእሳቸው በላይ ቃል ያለው ሰው የለም፤ ሲከፈት እሳቸው ናቸው፣ ሲዘጋ እሳቸው ናቸው፤ በቀረው ጊዜ ግን የሰው ጉዳይ ውስጥ አይገቡም፣ በዚህም ይከበራሉ። የበሩን ገመድ ጠቅልለው ጨረሱ። ማሰሮው እጃቸው ሲደርስ አላሸተቱትም፤ ወደ ምሰሶው መለሱት።

«ይሄ እንኳ አያስፈልግም ነበር» አሉኝ። «የጠየቀኝ ሰው የለም እንጂ፣ ካቻምና ያን ቀን ማዶ ተቀምጬ በሩቅ ማያ መነጽሬ መንጋ እጠብቅ ነበር። ስትሻገሪ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቼሻለሁ። ውሃው የጎማውን ግማሽ አልደረሰም።»